ቀጥ አድርገሽ ቁረጪ

እጄን ከመርፌ ያነሣሁት ባለፈው ክረምት ነው። ዓይኔ የመርፌውን ቀዳዳ ማየት እምቢ ካለኝ ቆይቷል፤ እኔ ግን ተሸነፍኩ ላለማለት ክሩን በግምት እየሰደድኩ ከረምኩ። በመጨረሻ አንድ የቆሎ ተማሪ የሰፋሁለትን ከረጢት ይዞ መጣና ማንገቻው ተገልብጦ መሰፋቱን በትሕትና አሳየኝ። ፈትቼ ሰፋሁለት፣ መርፌዬን ጨርቅ ላይ ሰካሁ፣ በቃ አልኩ። ለመንግሥት ሠራተኛ ይህ ጡረታ ይባላል። ዘመኑን ሁሉ ከረጢትና ኮረጆ ሲሰፋ ለኖረ ሰው ስም አልወጣለትም። ስም ስላልወጣለት ሥራ አልነበረም የሚል ካለ መጥቶ ይንገረኝ።

ፊደል የቆጠርኩት ካረጀሁ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ነው። አጻጻፌ ቢንጋደድ አይፈረድብኝም፤ ስፌቴ ግን ዓይኔ እስኪከዳኝ ድረስ ተንጋዶ አያውቅም።

ለመጻፍ ያነሣሣችኝ አልማዝ ናት። አልማዝ ዘመሮ ገበያ ዳር በስፌት መኪና የሴት ቦርሳ የምትሰፋ ብርቱ ልጅ ናት። ሥራ ማቆሜን ሰምታ ልትጠይቀኝ መጣችና ትንሽ እንደተጫወትን የልቧን አወጣች።

«እማማ አስካለ፣ እስቲ ምስጢሩን ይንገሩኝ። ርካሽም ሆኖ ዓይን የሚገባ ጨርቅ ከየት ነው የሚገኘው? ርካሹ አያምር፣ የሚያምረው አይቀመስ።»

ሳቅኩ። ይህንኑ ጥያቄ እኔም በእሷ ዕድሜ ሆኜ ጠይቄዋለሁ። ያን ጊዜ ጣሊያን ዘመሮ ገበያ ራስጌ ካምፕ ሠርቶ ነበር፤ ጨርቅ ደግሞ እሱ እጅ ነበር።

ሙያውን ያስተማሩኝ እማሆይ ጽጌ ይባሉ ነበር። ከመመንኮሳቸው በፊት በአንድ መኮንን ቤት የልብስ ሰፊ ነበሩ። ባላቸው ሲሞቱ ቆብ ጭነው ከቀየት መንደር ወዲህ ካለችው ቤተ ክርስቲያን አጠገብ አንዲት ጎጆ ቀለሱ። እኔና ወንድሜ ደምሴ እናትና አባታችንን በአንድ ወረርሽኝ ስናጣ እኔን እሳቸው ወሰዱኝ፣ ደምሴን አጎታችን ወሰደው። እማሆይ የሚሰፉት ለተማሪ ከረጢት፣ ለካህን የዳዊት መያዣ፣ ለነጋዴና ለመንገደኛ ኮረጆ ነበር። የሚከፈላቸው አንዳንዴ ገብስ ነው፣ አንዳንዴ ጨው፣ አንዳንዴ «እግዜር ይስጥልኝ»። ሦስቱንም በእኩል ፊት ነው የሚቀበሉት።

እማሆይ መርፌያቸውን የሚሰኩት ቆባቸው ላይ ነበር። ቄሱ ይህን አይወዱም ነበር፤ እሳቸው ደግሞ የቄሱን አለመውደድ ከቁም ነገር አይቆጥሩትም። አዲስ ጨርቅ በገባበት ቀን አይቆርጡም። «ይደር» ይላሉ። «እንግዳ ነው፤ ጠባዩን አላወቅነውም።» በማግስቱ ከዳሩ አንድ ክር መዝዘው እሳት ላይ ይይዙና ያሸቱታል። የተቃጠለ ጠጉር ከሸተተ ሱፍ ነው፣ የተቃጠለ ገለባ ከሸተተ ጥጥ። ከዚያ ጥጉን ውኃ ነክረው በሁለት ጣታቸው ያሹታል፣ ፀሐይ ላይ ይዘው በድርና ማጉ ቀዳዳ ያያሉ፣ በመጨረሻ በጉልበታቸው ላይ አግድም ይወጥሩታል። ይህን ሁሉ ሲያደርጉ አንድ ቃል አይናገሩም። እኔ መጀመሪያ አካባቢ ጸሎት ያደርሳሉ ብዬ ራሴን እነቀንቅ ነበር።

አቆራረጣቸው ደግሞ ሌላ ነበር። ጨርቅ አጣመው ወይም አክብበው አይቆርጡም። የእማሆይ ኮረጆ ሁሉ ከአራት ማዕዘን ጨርቅ የተሠራ ነው፤ የሚከብበው ተቆርጦ ሳይሆን ታጥፎ ነው። ስፌታቸው ድንጋይ የሚሸከም ሆኖ ሳለ አንዱን ጫፍ የሚያውቅ ሰው ከሳበው ክሩ እስከ ዳር ይፈታል።

«ለምን እንዲህ ያደርጉታል?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ጨርቅ የተሸመነው ቀጥ ብሎ ነው። ቀጥ አድርገሽ ቁረጪው። ነገ ሌላ ነገር መሆን ቢያምረው አጣመሽ ከቆረጥሽው በምን ይመለሳል?»

የከፋ ስፌት ከሰፋሁ አይቆጡም። ተርትረው በዝምታ ጭኔ ላይ ያስቀምጡልኛል። አንድ ጊዜ አንዱን ከረጢት ደጋግሜ አበላሽቼ ደጋግመው ሲመልሱልኝ በንዴት አለቀስኩ። እሳቸው ዳዊታቸውን መድገም አላቋረጡም።

ከሁሉ በላይ ግን የዘርፍ ነገር ነበር። ከእማሆይ ቤት የወጣ ኮረጆ ሁሉ አፉ ዙሪያውን በቀይ ክር ዘርፍ የተሠራለት ነው። አንዱ ነጋዴ «ዘርፉ ይቅርብኝና ዋጋውን ቀንሱልኝ» ቢላቸው «ዘርፉን ለራሴ ነው የምሠራው፤ ላንተ አላስከፍልህም። ግን ያለ ዘርፍ አይወጣም» ብለውታል።

ጣሊያን ሲገባ መጀመሪያ ከገበያ የጠፋው ጨው ነው፤ ጨርቅ ተከተለው። ከአዲስ አበባ የሚመጡት ነጋዴዎች መንገድ ተዘጋባቸው። እማሆይ ያላቸውን ቁራጭ ሁሉ ገጣጥመው ሰፉ። እኔ የአሮጌ ቀሚሴን ጫፍ ቆርጬ ሰፋሁ። ደምሴ ዱር ገባ። የጎረቤቶቻችንም ልጆች ዱር ገቡ። በኋላ ጨርቅ ድንገት ተመልሶ መጣ፤ የመጣው ግን ካምፑ አጠገብ በተከፈተ መደብር ነው። አበባ ያለበት፣ ሐረግ ያለበት፣ ሰማያዊና ብርቱካን መልክ ያለው ቺት፤ ዋጋው ደግሞ በነጻ ነው ማለት ይቀላል። የሚሸጠው ግን ለጣሊያን ገብቻለሁ ብሎ ወረቀት ለያዘ ብቻ ነው። እኔ በገበያ ቀን ከሩቅ ቆሜ አየሁት። ውሸት ምን ያደርጋል፣ ልቤ ወከክ አለ። ሃያ ዓመት እንኳ አልሞላኝም ነበር፤ ያን ሐረግ በኮረጆ ላይ እንዴት እንደማስኬደው በዓይኔ ሰፍቼ ጨረስኩት።

ባሻ ወልዴ የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። ባሻ ወልዴ የአገራችን ሰው ነው፤ ለጣሊያን አስተርጓሚ ሆኖ አደረ። አዲስ ጫማ አድርጎ ነበርና ጭቃችንን እየዘለለ መጣ። ከብብቱ አንድ ቁራጭ ቺት አወጣ።

«እማሆይ፣ እንደርስዎ ያለ ባለሙያ እዚህ ጭስ ውስጥ መቀመጥ የለበትም። ካምፑ ሰፊ ይፈልጋል። ለመኮንኖቹ ከረጢት፣ ለዕቃ ማቅ። ልጅቷንም ይዘው ይምጡ። ጨርቅ እንደሆነ በያይነቱ ነው፣ የፈለጉትን ይመርጣሉ።»

«እስቲ አምጣው» አሉት።

ከቅሉ ውኃ አፈሰሱና የጨርቁን ጥግ ነከሩት። በሁለት ጣታቸው አሹት። ነጭ ነገር በጣታቸው መሐል ቀለጠ፤ ጨርቁ ልምሾ ሆነ፣ በድሩ ቀዳዳ የባሻ ጫማ ታየኝ።

«ወልዴ፣ ይህ እኮ ገንፎ ነው። አበባ የሣሉበት ገንፎ» አሉት።

እኔ አፌን በነጠላዬ ጫፍ ያዝኩ። ባሻ ፊቱ ጠቆረ።

«ታዲያ በምን ልትሰፉ ነው? በሣር?»

«በሣርም ቢሆን ዘርፍ አይቀርለትም።»

ሲሄድ ጭቃውን መዝለል ረስቶ ነበር።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ደምሴ መጣ። ጉሙ ሜዳውን ሁሉ ሸፍኖት ስለነበር በቀን ነው የገባው። ከስቷል፣ ጺም አውጥቷል፣ ዓይኑ ግን ያው የወንድሜ ዓይን ነው። ተቃቅፈን ስናበቃ ጭንቁን ነገረን። በሶአቸውንና ጥይታቸውን የሚይዙት በስልቻ ነው። ስልቻው በዝናብ ይረጥብና ይከረፋል፣ ገደል ላይ ያንሸራትታል። በነጭ ጨርቅ ከቋጠሩት ደግሞ አውሮፕላን ከላይ ያየዋል። ክረምቱን መርሐቤቴ በኩል ጀማ ወንዝ ድረስ እየወረዱ እየወጡ ነው የሚያሳልፉት። እጅን ነጻ የሚያደርግ ኮረጆ ከሌላቸው ጥይቱ ሰው ጋ አይደርስም፣ ስንቁም ተራራ አይወጣም።

«የማይታይና የማይቀደድ ይሁን እንጂ ሌላ አልፈልግም» አለ።

«የሚያምርም» አልኩት።

ሳቀ። «እታለም፣ ለማን ነው የምናምረው? ለጭላዳ ዝንጀሮ?»

ያን ጊዜ እማሆይ ዳዊታቸውን አጠፉ። ዳዊት ሲያጥፉ ነገሩ ከባድ ነው።

«ለእነሱ ነው። ይማርኩህ ይግደሉህ አላውቅም፤ ግን የተጎሳቆለ ሰው ያዝን አይበሉ። የሚሰፋለት ወገን ያለው ሰው መሆንህን ይዩ።»

ደምሴ ከዚያ በኋላ በዘርፍ ቀልዶ አያውቅም።

ጨርቅ ፍለጋ ወጣሁ። በርኖስ ጠየቅኩ፤ በመንዝ ውርጭ ማን በርኖሱን ይሰጣል? አንዲት ባልቴት የባሏን በርኖስ አውጥታ አሳየችኝና መልሳ አቅፋ አለቀሰች፤ እኔም ይቅር ብዬ ወጣሁ። ዝተት የሚባለውን የሱፍ ብርድ ልብስ አገኘሁ፤ ቀዳዳው ከጨርቁ ይበልጣል። እንዲህ ስንከራተት የቤተ ክርስቲያናችን ቄስ መምሬ ኃይሌ አንድ ጥቅል በነጠላ ሸፍነው ይዘው መጡ። ሲፈቱት ከፋይ ነው፤ ጠቆር ያለ ቀይ፣ ከዳር እስከ ዳር የሐር ዘርፍ ያለው። በዓመት በዓል ከታቦቱ በላይ የሚዘረጋው ትልቁ ጥላ ነበር። አርጅቶ በሌላ ከተተካ ቆይቷል።

«ካምፑ ሲፈትሽ ከሚወስደው ልጆቹ ይያዙት። ታቦቱን ያስጠለለ እነሱንም ያስጠልላቸው» አሉ።

እንደዚያ ያለ ጨርቅ በእጄ ነክቼ አላውቅም። ርካሽ ነው፤ በነጻ ነው። ያምራል፤ የመኮንን ካባ ይመስላል። ጠቆር ስላለም ከላይ አይታይም። እማሆይ ሳሙት፣ ንጹሕ መደብ ላይ አኖሩት፣ ዳዊታቸውን በላዩ አደረጉ። አደረ። በማግስቱ ግን ክር አልመዘዙም።

«እማሆይ፣ አይነከርም እንዴ?» አልኳቸው።

«ምን አልሽ? ታቦት የተጠለለበትን እሳት ላይ ልይዘው ነው? በእግሬ ብረግጠው ምን ይለያል?»

ደግሜ አልጠየቅኩም። የኛ አገር ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያስበው፤ እኔም ያሰብኩት እንደዚያ ነው። ኮረጆዎቹን ሰፋናቸው። ቀጥ ብለው ተቆርጠው፣ በራሳቸው ዘርፍ ተከብበው፣ እንኳን ለዱር ለሠርግ ይሆኑ ነበር። ደምሴና ጓደኞቹ አንግተዋቸው ሲሄዱ ከኋላ እያየሁ ኮራሁ።

ደምሴ ሲመለስ ብቻውን ነው። በሩ ላይ ቆሞ ኮረጆውን መደቡ ላይ ወረወረው። ማንገቻው ከሥሩ ተገንጥሏል፤ ሆዱ ተሰንጥቋል።

ወደ ጀማ ሲወርዱ ዝናብ መታቸው። ጨርቁ ውኃ ሲጠጣ ክብደቱን መሸከም አቃተው። የቅርብ ጓደኛው የተሰማ ኮረጆ ገደሉ አፋፍ ላይ ተቀደደና ጥይቱ ድንጋይ ለድንጋይ እየተንኳኳ ወረደ። ማዶ ባንዳዎች ነበሩ። ድምፁን ሰምተው ተኮሱ። ተሰማ ጥይቱን ሊለቅም ጎንበስ እንዳለ ቀረ።

«በዚህ ነው የሞተው» አለ ደምሴ፣ ጨርቁን በጣቱ እያሳየ። «በሰው አይደለም፤ በዚህ ነው።»

እማሆይ ተነሡ። ኮረጆውን አነሡ። ያን ቀን ያላደረጉትን አደረጉ፤ ከዳሩ አንድ ክር መዘዙ። ክሩ በጣታቸው መሐል እንደ አመድ በነነ። ስንት ዘመን ፀሐይና ዝናብ፣ የጧፍና የዕጣን ጢስ የበላው ጨርቅ ነበር። ከላይ ጠጉሩ ደህና፣ ከሥር ድሩ የሞተ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ። «እግዜርን የፈራሁ መስሎኝ ሥራዬን ተውኩ።»

እኔ ዛሬም ድረስ ስለዚያ ቀን ሲነሣ የሚናደድ አንድ ነገር በውስጤ አለ። የምናደደው በእማሆይ አይደለም። አንዲት አሮጊት መነኩሴ ከታቦት ጥላ ላይ ኮረጆ እንድትቆርጥ ባደረጋት ነው። ጨርቁን ማን ዘጋብን? ተሰማን ማን ተኮሰው? ከሟች ጥይትና ከአሮጌ ከፋይ ጋር የምጣላበት ምክንያት የለኝም።

በማግስቱ እማሆይ ሳጥናቸውን ከፈቱ። ከሳጥኑ ሥር ተጠቅልሎ የኖረውን ወፍራም አቡጀዲ አወጡ። አውቀው ነበር። በየዓመቱ መስቀል ሲያልፍ ፀሐይ ላይ ያናፍሱታል፤ ሲያጥፉት እኔ ነኝ ጫፉን የምይዝላቸው። ከመነኮሱ ጀምሮ ያኖሩት መግነዛቸው ነው።

«እማሆይ፣ ይህ እኮ መግነዝዎ ነው።»

«አውቃለሁ። ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ።»

«ሲሞቱስ ምን ይሆናሉ?»

«እሱ የናንተ ጣጣ ነው፤ እኔ ሞቻለሁ» አሉና ክር መዘዙ።

አቃጠሉት፣ አሸተቱት። ነከሩት፣ አሹት። ወጠሩት። በዚያም አልበቃቸውም፤ ቁራጩን እርጥቡን አንጠልጥለው የወፍጮ መጅ አሰሩበትና አሳደሩት። ጠዋት መጁ እንደተንጠለጠለ ነው። ከዚያ ቅጠልና ሥር ቀቅለን ነከርነው፣ ከምንጩ ሥር ባለው ጥቁር ጭቃ ውስጥ ቀበርነው፣ አውጥተን አጠብን፣ ደግመን ቀበርን። እጃችን እስከ ክርናችን ጠቆረ። ነጩ አቡጀዲ የዝናብ ደመና መልክ ይዞ ወጣ። ሲቆርጡት ከመግነዙ አንዲት ጣት የምታህል እንኳ አልባከነችም፤ ሁሉም ቀጥ ያለ አራት ማዕዘን ነው። ለዘርፉ የጥላውን የሐር ዘርፍ ፈቱ። እሱን ግን አስቀድመው እሳትም ውኃም አሳዩት። ሐሩ ደህና ነበር።

እነዚያ ኮረጆዎች ያን ክረምት በሙሉ ሠሩ። ጀማን ተሻገሩ፣ ግሼ ድረስ ወጡ። አንዱ በጥይት ተበስቶ መጣና እማሆይ ጥርሳቸውን ነክሰው ጠገኑት። የተቀደደ ስፌት ይዞ የመጣ ግን የለም።

ዘርፉ ስም አወጣ፤ ክፋቱም እዚያ ላይ ነው። ባሻ ወልዴ ሁለት ወታደር አስከትሎ መጣና አንድ የተማረከ ኮረጆ እማሆይ ፊት ጣለ።

«ይህን የሰፋው ማነው?»

እማሆይ አንስተው ስፌቱን አገላብጠው አዩት። «እኔ ነኝ።»

«ማን ማን ነው የያዘው?»

«እኔ የማውቀው ጨርቁን ነው። አንተ በዘርፉ ካወቅከኝ ግን ጥሩ አድርጌ ሠርቼዋለሁ ማለት ነው።»

ወሰዷቸው። ጣራ በሌለው የድንጋይ አጥር ውስጥ በውርጭ አስቀምጠው ስም ጠየቋቸው። እሳቸው ዳዊት ደገሙላቸው። ሲሰለቻቸው ለቀቋቸው፤ የመጡት ግን በሰው ሸክም ነው፤ ሳሉ ደረታቸውን ሰብሮታል። ቆባቸው ላይ መርፌያቸው የለም። መጀመሪያ የጠየቁኝ እሱን ነው፤ የኔን ሰጠኋቸውና ቆባቸው ላይ ሰኩት። ብዙ አልቆዩም። አንድ ረፋድ ላይ የጠገንኩትን ኮረጆ እያሳየኋቸው አንድ ስፌት አይተው «ጥሩ ነው» አሉኝ። ጥሩ ነው ሲሉኝ የመጀመሪያዬ ነበር። ከሰዓት በኋላ ዐረፉ።

ኀዘኑን እንኳ ሳንጀምር ባሻ ወልዴ ደረሰ። በክንዱ አንድ ጣቃ ነጭ ጨርቅ ታቅፏል።

«አዛዡ አዝነዋል። መነኩሴ ናቸውና በክብር ይቀበሩ ብለዋል። መግነዙን እሳቸው ሰጥተዋል። ቀብሩ ዘመሮ ይሆናል፣ አዛዡም ይገኛሉ፣ አንቺም በዚያው ገብተሽ ወረቀትሽን ትወስጃለሽ።»

ገባኝ። እማሆይ በሕይወታቸው ያልሰጧቸውን እሺታ ሬሳቸው እንዲሰጣቸው ፈለጉ። ለቀስተኛው ሁሉ እኔን ያያል። እጄ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። ከቅሉ ውኃ አፈሰስኩና የጨርቁን ጥግ ነክሬ በሁለት ጣቴ አሸሁት።

«ባሻ፣ አሁንም ገንፎ ነው» አልኩት።

አንዲት ለቀስተኛ ሳቋ አመለጣት። ባሻ ጣቃውን ደረቱ ላይ ይዞ ቀረ።

«ታዲያ ራቁታቸውን ልትቀብሪ ነው?»

«እሱ የኛ ጣጣ ነው።»

በዚያው ቀን ኩበት ለሚሸጡት ሴቶች ኮረጆዎቹን ከዱር ሰዎች እንዲያመጡልኝ ነገርኳቸው። ኩበት ለቃሚን ማንም አይፈትሽም። በማግስቱ በኩበት ቅርጫት ሥር ኮረጆዎቹ አንድ በአንድ መጡ። ጭቃ ያለባቸው አሉ፣ ደም ያለባቸው አሉ፣ የበሶ ሽታ ያልለቀቃቸው አሉ። ባለቤቶቻቸው ጥይታቸውን በእጃቸው፣ በሶአቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይዘው ቀርተው ነው የላኩልኝ። የክሩን ጫፍ ፈልጌ ሳብኩት። እስከ ዳር ተፈታ። ሌላውንም እንዲሁ። ቀጥ ብለው ስለተቆረጡ ሣሩ ላይ ስደረድራቸው ጫፍ ለጫፍ ገጠሙ፤ መግነዙ መልሶ መግነዝ ሆነ። እማሆይ ለምን እንደዚያ እንደሚቆርጡ ያን ጊዜ በእጄ አወቅኩት።

ከደረቱ ላይ አንድ አራት ማዕዘን ጎደለ። ባሻ እጅ የገባው ኮረጆ መስሎኝ ነበር፤ ያን ግን መምሬ ኃይሌ ከካምፑ ጽዳት ሠራተኛ አስመጥተውልኝ ከዳር ገጥሜዋለሁ። የጎደለው ሌላ ነው። በቀኝ ጥጉ ላይ ለደምሴ ብዬ የሰፋሁት ትንሽ መስቀል ያለበት ነው።

መጨረሻ የመጣችው ኩበት ሻጭ ወለቴ ቅርጫቷን አላወረደችም። ቆማ ታየኛለች።

«ወለቴ፣ የደምሴስ?»

«አስካልዬ...» አለች።

«የደምሴስ አልኩሽ።»

«በራቤል በኩል ውጊያ ነበር። እዚያው ቀበሩት አሉ። ከነኮረጆው።»

ሰው ወንድሙ መሞቱን ሲሰማ የሚጠይቀውን አልጠየቅኩም። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ከአፌ የወጣው ይህ ነው፤

«ኮረጆው ተቀዶ ነበር?»

«ኧረ በምን ዕድሉ! ጥይቱን ያወጡት አፉን ከፍተው ነው። ማንገቻው ከትከሻው አልወርድ ብሏቸው አብረው ቀበሩት። ስፌቱ ወይ ፍንክች ነው ያሉት።»

ያኔ ነው የጮህኩት። ለእማሆይም፣ ለደምሴም፣ ለተሰማም በአንድ ድምፅ ጮህኩ። ሳበቃ ቀሚሴን ከወገቤ በታች ቀጥ አድርጌ ቆረጥኩና የጎደለችውን አራት ማዕዘን ሞላሁ። ቀሚሴ ነጭ ነበር። ደመና በመሰለው መግነዝ መሐል ልባቸው ላይ ነጭ ሆና ተቀመጠች። ዘርፎቹን ፈትቼ ዙሪያውን መልሼ ሠራኋቸው።

መምሬ ኃይሌ አይተው ደነገጡ። «ልጄ፣ መግነዝ እኮ ነጭ ነው የሚሆነው። ደግሞስ ዘርፍ ያለው መግነዝ ማን አየ?»

«ነጭ ነበር፤ ያጠቆርነው እኛ ነን፣ ለምን እንዳጠቆርነው እግዜር ያውቃል። ዘርፉን ደግሞ እርስዎ ነዎት ያመጡት፤ የታቦቱ ነው። ከእማሆይ ቤት ያለ ዘርፍ አይወጣም።»

ዘርፉን በጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያ ጧፋቸውን አበሩና ፍትሐቱን ጀመሩ። እማሆይን ከጎጇቸው አጠገብ ቀበርናቸው፤ ዘመሮ አልሄዱም። ባሻ ወልዴ ጣቃውን ታቅፎ ተመለሰ፤ ምን እንዳደረገው አላውቅም፣ ለማወቅም አልፈለግኩም።

ጣሊያን ሄደ። እኔ ወደ ደብረ ብርሃን ወጥቼ አንድ ልብስ ሰፊ ዘንድ ተቀጠርኩ። ሰውዬው ክፉ አልነበረም፤ ግን «ክብ ቦርሳ ነው ዘመናዊ» እያለ ጨርቅ ያባክንብኛል። ደመወዜን ተቀበልኩና ወደ አገሬ ተመለስኩ። ከዚያ ወዲህ ሙሉ ዕድሜዬን ከአሮጌ ድንኳን፣ ከዱቄት ጆንያ፣ ከተቀደደ መጋረጃ፣ ከሟች ባል በርኖስ ስሰፋ ኖርኩ። ትምህርት ቤት ሲከፈት የአገሩ ልጅ ሁሉ ደብተሩን በኔ ከረጢት ነው የያዘው። ኋላ ላስቲክ መጣና ሰው ሁሉ ዕቃውን በላስቲክ ያንጠለጥል ጀመር። ላስቲክ ቀጥ ብሎ አይቆረጥም፣ አይተረተርም፣ ዘርፍም አይሠራለትም። አንድ ጊዜ ተናድጄ በመርፌ ወግቼ ጥዬዋለሁ።

ይህን ሁሉ ለአልማዝ ስነግራት ጥያቄዋን ረስታው ነበር። እኔ አልረሳሁም። ሳጥኔን አስከፈትኳትና ከሥሩ ያለውን ጥቅል አስወጣኋት። ወፍራም፣ ነጭ፣ ሙሉ ጣቃ ነው። በየዓመቱ መስቀል ሲያልፍ ፀሐይ አሞቀዋለሁ። በእጇ ዳሰሰችው፣ በሁለት ጣቷ አሸችው፣ ፊቷ በራ።

«እማማ፣ ይህን የመሰለ ጨርቅ ከየት አመጡት?»

ከዚያ ገባትና እጇን እሳት እንደነካው ሰው ሰበሰበችው።

«መግነዝዎ ነው?»

«ነው። ውሰጂው። ዛሬ እንዳትቆርጪው፤ ይደር። ስትቆርጪ ቀጥ አድርገሽ ቁረጪ። ቀለም ንከሪው፣ ቦርሳ አድርጊው፣ የሚያምር አድርገሽ ለሚያምሩ ሴቶች ሽጪው።»

«እርስዎስ? ሲሞቱ ምን እናደርጋለን?»

«እሱ የናንተ ጣጣ ነው። ካንቺ የገዙትን ሴቶች ስም ብቻ አትርሺ» አልኳት። «ስሞት ቦርሳዎቹን ሰብስቢና ስፌቱን ተርትሪው። ዘርፉን ግን እንዳትነኪብኝ።»